የመቃብር ንባብና የድንኳን ወሬ

ፍትሐቱ አልቆ አስከሬኑ ወደ መቃብሩ ከመውረዱ በፊት፣ ከቤተሰቡ አንዱ የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ ያወጣል። ቀጥሎ የሚመጣውን ቀብርተኛው ሁሉ ያውቀዋል። አቶ እገሌ ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው እንዲህ ያለ ጠቅላይ ግዛት፣ እንዲህ ያለ አውራጃ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ፊደል ቆጠሩ፣ ዳዊት ደገሙ። ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት በዚህ መሥሪያ ቤት በቅንነትና በታማኝነት አገለገሉ። ሕጋዊ ጋብቻ መሥርተው ይህን ያህል ልጆች አፈሩ፣ ይህን ያህል የልጅ ልጆች አዩ። ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። አንባቢው መጽናናትን ይመኛል፣ ወረቀቱ ይታጠፋል። አምስት ደቂቃ፣ ቢበዛ ስድስት።

ለአብዛኛው የሀገራችን ሽማግሌ ይህ ገጽ ስለ እርሱ የተጻፈ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ጽሑፍ ነው። 85 ዓመት የኖረ ሰው፣ ከጣሊያን ወረራ እስከ ሞባይል ስልክ ያለውን ዘመን በአካሉ ያለፈ ሰው፣ በጽሑፍ የሚቀርለት ይህችው ገጽ ብቻ ናት። ስለዚህ እንዴት እንደምትጻፍ፣ ከማን ቃል እንደምትቀዳ፣ ምን ይዛ ምን እንደምትጥል ተረጋግቶ መመርመር ተገቢ ነው። እኔ የማምነውን ከወዲሁ ልናገር። መቃብር ላይ የሚነበበው ሕይወት መሥሪያ ቤቱ የሚያውቀው ሰውዬ ነው። ጎረቤቱ፣ ዘመዱና ዕድርተኛው የሚያውቁት ሰውዬ የሚነገረው ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ነው። ያኛውን የሚጽፈው የለም፤ ድንኳኑ ሲነቀል አብሮ ይሄዳል።

ገጹ እንዲህ የሆነው ቤተሰቡ ስለ ሟቹ ግድ ስለሌለው አይደለም። የመጀመሪያው ምክንያት ጊዜ ነው። ልጆች ከውጭ እስኪመጡ አስከሬኑ ሆስፒታል ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ካልሆነ በቀር፣ ሌሊት ያረፈ ሰው በማግስቱ ይቀበራል፤ ማለዳ ያረፈም ከሰዓት በኋላ ሊቀበር ይችላል። በዚያች ሌሊት ለዕድሩ ዳኛ መነገር አለበት፣ ጥሩምባ ነፊው ሳይነጋ መውጣት አለበት፣ ድንኳኑ መተከል፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ከዕድሩ ዕቃ ቤት መምጣት፣ ንፍሮው መቀቀል፣ መቃብሩ መቆፈር፣ ለካህናቱ መነገር አለበት። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ሰው «ታሪኩን ማን ይጻፈው?» ይላል። ዕጣው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እጁ ለጽሕፈት በሚታዘዝለት ሰው ላይ ነው፦ መምህር የሆነ የእህት ልጅ፣ ቢሮ የሚሠራ አማች፣ የድሮ የሥራ ባልደረባ። ከሁሉ አብልጣ የምታውቀው ሚስት በዚያች ሰዓት ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጸሐፊው አጠገቧ ጎንበስ ብሎ «እትዬ፣ የተጋባችሁት በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ይላታል። ከዚያ በላይ ለመጠየቅ ያፍራል፤ ማፈሩም ትክክል ነው። ሃምሳና ስድሳ ዓመት አብራው የኖረች ሰው ለዚያች ገጽ የምታዋጣው ግን አንድ ቁጥር ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ምክንያት ሰነዱ ነው። ጸሐፊው ሰው መጠየቅ ስላልቻለ ወረቀት ይጠይቃል። ከአልጋ ሥር ሻንጣ ይወጣል፤ በውስጡ የቅጥር ደብዳቤ፣ የደረጃ ዕድገት ደብዳቤ፣ ኮርስ የወሰዱበት ምስክር ወረቀት፣ የጡረታ ደብተር፣ ምናልባትም አንድ ሜዳሊያ ይገኛል። እነዚህን ወረቀቶች የሠራቸው መሥሪያ ቤት ነው፤ የሚናገሩትም መሥሪያ ቤቱ ሊያውቅ የፈለገውን ነው። ውጤቱን ለማየት በምሳሌ እንያዘው። በ1930 የተወለዱ፣ በ1951 በጸሐፊነት የተቀጠሩ፣ የጡረታ መውጫ ዕድሜ 55 በነበረበት ዘመን በ1985 ጡረታ የወጡ፣ በ2015 ያረፉ ሽማግሌ ነበሩ እንበል። ገጹ ከ1951 እስከ 1985 ያለውን 34 ዓመት በወርና በቀን ጭምር ይዘረዝረዋል። ከጡረታ በኋላ ያለውን 30 ዓመት «ከጡረታ በኋላም በማኅበራዊ ሕይወታቸው ንቁ ተሳታፊ ነበሩ» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል። ከመቀጠር በፊት ያለው 21 ዓመት ደግሞ ፊደል ከመቁጠርና ዳዊት ከመድገም ሌላ ምንም የለበትም። 85 ዓመት ከኖረው ሰው 51 ዓመቱ ወረቀት ስላልነበረው ብቻ እንዳልኖረው ሆነ።

የትውልድ ዘመኑ ራሱ ብዙ ጊዜ ግምት ነው። በሀገራችን የልደትና የሞት ምዝገባ በሕግ ተደንግጎ በሥራ ላይ የዋለው በጣም ዘግይቶ ነው፤ አዋጁ የወጣው በ2004፣ ምዝገባው በሀገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ሽማግሌዎች ዕድሜያቸውን የሚቆጥሩት በትልልቅ ነገሮች ነበር። የሰገሌ ጦርነት፣ የኅዳር በሽታ፣ ጣሊያን የገባበት ዓመት፣ ጃንሆይ የተመለሱበት ዓመት። «ጣሊያን ሲወጣ እረኛ ነበርሁ» ያለ ሰው ዕድሜውን ነግሮሃል፤ ከዕድሜው ጋርም የት እንደነበረና ምን ይሠራ እንደነበር ነግሮሃል። ሲቀጠር ግን ቅጹ አንድ ዓመተ ምሕረት ይፈልጋል፤ አንድ ቁጥር ይሞላል፤ ጡረታው ራቅ እንዲልለት ጥቂት ዓመት የቀነሰም አለ። ከስልሳ ዓመት በኋላ መቃብሩ ላይ የሚነበበው ያ ቁጥር ነው፤ እረኝነቱ አይነበብም። አንድ ሰው ዕድሜውን በምን እንደሚቆጥር ራሱ ታሪክ ነውና፣ ጸሐፊው ቢያንስ ይህን እንዲይዝ እመኛለሁ።

ሦስተኛው ምክንያት የአጻጻፉ ታሪክ ነው። ጥንት በሀገራችን ሕይወቱ የሚጻፍለት ሰው ጥቂት ነበር። ለቅዱሳን ገድል ነበራቸው፣ ለነገሥታት ዜና መዋዕል ነበራቸው። ከእነርሱ በታች ያለው ሰው የሚታወሰው በትውልድ ቆጠራ፣ በቅኔና በሙሾ፣ በሽለላና በቀረርቶ ነበር። የታወቁ ሰዎችን ሕይወት በአጭር በአጭሩ በአማርኛ አዘጋጅቶ በማሳተም ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው፤ በ1915 «የሕይወት ታሪክ» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ዓላማቸው በኋላ ዘመን የሚነሡ ልጆች የቀደሙትን እንዲያውቁ ነበር። እርሳቸው ራሳቸው በ1931 መጀመሪያ ላይ፣ ሀገራቸው በጠላት እጅ ሳለች፣ በእንግሊዝ ሀገር ባዝ ከተማ በስደት አረፉ፤ ዐፅማቸው ወደ ሀገር የተመለሰው ከጊዜ በኋላ ነው። ከድል በኋላ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በዙ፣ ከ1933 ጀምሮ አዲስ ዘመን ጋዜጣ መታተም ጀመረ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የግል ማኅደር ተከፈተለት፣ በማኅደሩም ውስጥ የሕይወት ታሪክ ቅጽ ገባ። ስም፣ የአያት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የአገልግሎት ዘመን፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የልጆች ብዛት። መቃብር ላይ የሚነበበውን ገጽ ከዚህ ቅጽ ጎን አድርጎ ያነበበ ሰው ተራው አንድ መሆኑን ያስተውላል። ሁለቱን የሚለያቸው ገጹ ከገድል የወረሳቸው ቅጽሎች ናቸው፦ ቅን፣ ታማኝ፣ ትሑት፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ሃይማኖተኛ። የገድሉ ጸሐፊ ግን ቅዱሱ እንግዳ የተቀበለበትን ቀንና ሁኔታ ይተርክ ነበር። እኛ ቅጽሉን አስቀርተን ትረካውን ጣልነው።

አራተኛው ምክንያት ዝምታ ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» የሚል ሕዝብ ነን፤ መልካም ጠባይ ነው። ቀብር የፍርድ አደባባይ አይደለምና የሟቹ ጥፋት እዚያ እንዲነበብ የሚፈልግ የለም። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ፣ የወንድማማች የርስት ክርክር፣ የአልኮል ነገር፤ እነዚህ ቢታለፉ የሚጠቀመው በሕይወት ያለው ነው። ገጹ የሚያልፈው ግን ጥፋቱን ብቻ አይደለም፤ የተሸከመውን መከራም ያልፋል። ከ1966 በኋላ ባሉት ዓመታት የታሰረ፣ ከሥራው የተባረረ፣ በ1967 አዋጅ ቤቱ የተወረሰበት፣ በቀይ ሽብር ልጁን የቀበረ ወይም ሬሳውን እንኳ ያላገኘ አባት በአዲስ አበባ ብዙ ነው። ይህ ሁሉ በገጹ ላይ «በነበረው የሥርዓት ለውጥ ምክንያት ለተወሰነ ጊዜ ከሥራ ተለይተው ቆይተው» ይሆናል። በዘመኑ እውነቱን መናገር ስለማይቻል የተፈጠረ አነጋገር ነበር፤ ፍርሃቱ ሲያልፍ አነጋገሩ ግን እንዳለ ቀረ። የሞተው ልጅ ደግሞ ከቁጥሩ ይወጣል ወይም በቁጥሩ ውስጥ ይደበቃል፤ «የ7 ልጆች አባት» ሲባል መቃብሩ ዳር የቆሙት ስድስት ናቸው። አባትየው ግን በኖረበት ዘመን ሁሉ ሰባተኛውን እያሰበ ነው የኖረው። ይህ እንዳይነገር የሚፈልግ ሟች ያለ አይመስለኝም። ብዙዎቹ ቢጠየቁ ኖሮ ይናገሩት ነበር።

ገጹ ከመምጣቱ በፊት የሟቹን ሕይወት የመናገሩን ሥራ የሚሠራው ሙሾ ነበር። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎ፣ በሸዋ ገጠር አንድ ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረሱ ይጫናል፣ ጠመንጃው ይያዛል፣ ልብሱ ይወጣል፣ ለቀስተኛው ዙሪያውን ይቆማል፣ ሙሾ አውራጇ ትገባለች። አውራጇ ዝም ብላ አታለቅስም። አስቀድማ ጠይቃ ትመጣለች፦ የማን ልጅ ነው፣ በየት ዘመተ፣ ከማን ጋር ተጣላ፣ ማንን አስታረቀ፣ በሬው ምን ዓይነት ነበር፣ ማጀቱ ለማን ክፍት ነበር፣ ማንን ሳይድር ሞተ። ከዚያ ሟቹን «አንተ» ብላ ፊት ለፊት ታነጋግረዋለች፤ ትወቅሰዋለች፣ ታመሰግነዋለች፣ ትጠይቀዋለች። በሥነ ሥርዓቱ «እርሳቸው» የሚባለው ሰው በሙሾው ውስጥ ከነአመሉ ይነሣል። ዘመድ የተጣላው ካለ በሙሾው ይነገራል፤ ልጅ አባቱን ሳይጦር ቀርቶ ከሆነም በሙሾው ይሰማዋል። ወንዱ ተሰብስቦ ሊናገር የማይደፍረውን ሴቷ በግጥም ትለዋለች፤ ግጥም ስለሆነም አትከሰስበትም።

ቤተ ክርስቲያን ፊት መንጨቱንና ደረት መምታቱን ከጥንት ጀምሮ ስትቃወም ኖራለች። ትንሣኤ ለሚያምን ሰው ከልክ ያለፈ ሐዘን አይገባም የሚለው ትምህርቷ ግልጽ ነው፤ ከዚህ ጋር ክርክር የለኝም። በከተማ ግን ከደረት መምታቱ ጋር ግጥሙም ሄደ። ዛሬ በአዲስ አበባ ለቅሶ ሙሾ የሚሰማው አልፎ አልፎ፣ ያውም ከገጠር ከመጡ እናቶች ነው። ሙሾው ሲደክም ሥራውን የተረከበው የለም። ቦታው የተሰጠው ለገጹ ነው፤ ገጹ ደግሞ ለዚህ አልተሠራም።

የቀረልን ድንኳኑ ነው። ከቀብር መልስ ሰው እጁን ታጥቦ ንፍሮ ቆንጥሮ ይቀመጣል። መጀመሪያ ዝምታ ነው። ከዚያ አንዱ ጎረቤቱን ለማጽናናት ብሎ ይጀምራል፤ «ጋሼ እኮ እኔን…»። በዚያ «እኮ» የሚጀምረው ወሬ ነው እውነተኛው የሕይወት ታሪክ። በየለቅሶ ቤቱ ጆሮውን ያዋለ ሰው ሦስት ዓይነት ነገር ደጋግሞ ይሰማል።

አንደኛው የተማረበት ቤት ወሬ ነው። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው በጥቂት ከተሞች ብቻ ነበር። ከመንዝ ወይም ከጉራጌ ወይም ከቡልጋ የመጣ ልጅ ጀኔራል ዊንጌት ወይም ተፈሪ መኮንን ለመግባት ቢበቃ፣ አዳሪ ካልሆነ በቀር ማደሪያ ያስፈልገዋል። ያደረው አጎቱ ቤት ነው፤ አጎት ከሌለው ከሀገሩ ሰው ቤት ነው። አንድ ጸሐፊ በወር ደመወዙ ልጆቹን፣ የወንድሙን ልጆች፣ የሚስቱን እህት፣ ከሀገር ቤት ደብዳቤ ይዞ የመጣ አንድ የማያውቀውን ልጅ ያበላ ነበር። ፍራሽ ማታ ይነጠፋል፣ ጠዋት ይጠቀለላል። የዚያ ዘመን ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ መምህርና መኮንን በብዛት ያለፈው በእንዲህ ያለ ቤት ነው። የትምህርት ታሪካችን ስለ ትምህርት ቤቶቹ ይጽፋል፣ ስለ መምህራኑ ይጽፋል፤ ስለ ፍራሹ የጻፈ ግን ጥቂት ነው። መቃብር ላይ «የ5 ልጆች አባት» የተባሉት ሰው ድንኳን ውስጥ ሲቆጠሩ 14 ሰው ያሳደጉ ሆነው ይገኛሉ። ያም ሁሉ እንጀራ የተጋገረው በማን እጅ እንደሆነ ሲታሰብ፣ «ሕጋዊ ጋብቻ መሥርተው» በሚለው ሐረግ ውስጥ የጠፋችው ሚስት ምን ያህል እንደነበረች ይታያል። በእኔ ፍርድ ያ ትውልድ ለሀገሩ የሠራው ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ ከቢሮው ሥራ ይበልጣል።

ሁለተኛው የዋስትና ወሬ ነው። ገንዘብ ያዥ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ፣ ሾፌር ሆኖ ለመቀጠር ዋስ ይጠየቃል፤ ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው ፈርሞ ጉድለት ቢገኝ ከደመወዙ እንዲቆረጥ ይስማማል። ዕቁብ ቀድሞ የወጣለት ሰውም ዋስ ይጠራል። በየሰፈሩ ለዚህ የሚሄዱበት ሽማግሌ ነበረ። ለማያውቁት ልጅ፣ እናቱን ስለሚያውቁ ብቻ ይፈርማሉ። አንዳንዴም ልጁ ይጠፋል፣ እርሳቸው ለዓመታት ይቆረጥባቸዋል፣ ለሚቀጥለው ልጅ ግን እንደገና ይፈርማሉ። ይህ ፊርማ ከሻንጣቸው አይገኝም፤ ያለው በሌሎች ሰዎች ማኅደር ውስጥ ነው። ስለዚህ በገጻቸው ላይ ሊመጣ የሚችለው ከተጠቀመው ሰው አፍ ብቻ ነው። ያ ሰው ደግሞ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጧል።

ሦስተኛው የሽምግልና ወሬ ነው፤ በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባልና ሚስት ያስታረቁ፣ ወንድማማች በርስት ሲካሰሱ መሐል የገቡ ሽማግሌ የሰሙትን ይዘው ይሞታሉ። የእርቅ ወግ ይህ ነው፤ ምሥጢሩ ቢጻፍ እርቁ ይፈርሳል። ስም ሳይጠራ ግን እንዴት ያስታርቁ እንደነበር ሊነገር ይችላል፦ ማንን ቀድመው ይሰሙ ነበር፣ ተበዳዩ አልመለስ ሲል ምን ይሉ ነበር፣ ስንት ጊዜ ይመላለሱ ነበር። ይህ ዕውቀት ነው። «አስታራቂ ሽማግሌ ነበሩ» በሚል ሁለት ሦስት ቃል ስናልፈው፣ ሽምግልናው እየጠፋ ነው ብለን የምናዝንበትን ነገር በገዛ እጃችን እናጠፋዋለን።

በሙስሊሙ ወገናችን ሥርዓቱ ሌላ ነው። ጀናዛው በፍጥነት፣ አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ ይቀበራል፤ እንዲህ ያለ ገጽም አይነበብም። ይልቅስ የሟቹ ዕዳ ይጠየቃል፤ ያበደረው ሰው ካለ ለቤተሰቡ እንዲነግር ይባላል። ይህ ጥያቄ ሰውዬው ከሰው ጋር የነበረውን ጉዳይ ቀብሩ መሐል ያመጣዋል። እኛ የምናነበው ገጽ ከመሥሪያ ቤት ጋር ስለነበረው ጉዳይ ነው።

የድንኳኑ ዕድሜ ግን እያጠረ ነው። በቀድሞው ልማድ ሰባት ቀንና ከዚያም በላይ ይቀመጡ የነበሩ ለቀስተኞች ዛሬ በብዙ የከተማ ዕድር ከሦስት ቀን አያልፉም፤ ወጪውና የሥራው ጠባይ አስገድዶ ነው፣ የሚያስወቅስ አይደለም። ሰፈሩም በልማት ሲነሣ ዕድርተኛው ይበተናል። ጎረቤት የነበረው ከከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ገብቷል፤ ለቀብር ይደርሳል፣ ለድንኳኑ አይቀመጥም። ከልጆቹ እኩሌታው በውጭ ነው። በቨርጂኒያ ወይም በሜሪላንድ የሚኖር ልጅ መርዶው የሚነገረው ማለዳ፣ የሀገሩ ሰዎች በሩን አንኳኩተው ነው። ቀብሩን በስልኩ ያያል፣ ገጹ ሲነበብ ይሰማል፣ ከፈለገም በቴሌግራም ይላክለታል። ድንኳኑ ውስጥ የሚነገረው ግን አይደርሰውም። አባቱን በሃያ ዓመት ውስጥ የሚያውቀው በእሑድ ስልክ ነበር፤ አሁን በእጁ የቀረው የቅጥርና የጡረታ ዓመታት ናቸው። የልጅ ልጁ «አያቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ብሎ በእንግሊዝኛ ሲጠይቀው ከዚያ ገጽ ላይ የሚመልሰው ነገር አያገኝም።

ሌላ መንገድ እንዳለ የሚያሳዩን ሽማግሌዎች አሉ። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1969 አረፉ። ሕይወታቸው በገጹ ደንብ ቢጻፍ በሩሲያ የተማሩ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በጄኔቭ ኢትዮጵያን የወከሉ፣ «ፋቡላ» የተባለውን ተውኔት የጻፉ ተብሎ ያልቃል፤ ሁሉም እውነት ነው፣ ለአንድ ገጽም ይበዛል። እርሳቸው ግን ታሪካቸውን ራሳቸው ጽፈው ትተው ነበርና፣ ካረፉ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት ገደማ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ሲታተም፣ ከዐድዋ ጦርነት ማግስት ገና በልጅነቱ ወደ ማያውቀው ሀገር የሄደውን ያን ልጅ ከራሱ አፍ ሰማነው። ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴም በ1972 ካረፉ በኋላ «ካየሁት ከማስታውሰው» የተባለው ማስታወሻቸው የታተመው በተመሳሳይ ርቀት ነው። በአርበኝነት ተዋግተው፣ በጣሊያን ሀገር በፖንዛ ደሴት ታስረው የነበሩት ሰው ያዩትን በራሳቸው ቋንቋ ነገሩን። ሁለቱም ብዕር የነበራቸው፣ ወረቀታቸውን የሚጠብቅ ቤተሰብ የነበራቸው መኳንንት ናቸው። ለጸሐፊው፣ ለገበሬው፣ ለሾፌሩ፣ ለልብስ ሰፊው አባት ይህን የሚያደርግለት ልጁ ካልሆነ ማንም አይደለም።

የመቃብሩን ገጽ እንተወው አልልም። ለቆመ ሰው፣ ፀሐይ ላይ ወይም ዝናብ ላይ ላለ ቀብርተኛ፣ አጭርና ጨዋ መሆን አለበት፤ በዚያች ሌሊት ከዚያ የተሻለ የሚጽፍ የለም። የምለው ሁለተኛ ገጽ ይጻፍ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ጊዜውን ሠርታ ሰጥታናለች፦ ሠልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ ዐርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ከቀብር እስከ ዐርባ ያለው ጊዜ ይበቃል። ቤተሰቡ አንድ ሰው ይምረጥ፤ በደንብ የሚጽፈው ሳይሆን በደንብ የሚያዳምጠው ይሁን። ያ ሰው ድንኳኑ ውስጥ ደብተር ይዞ ይቀመጥ፣ ወይም ስልኩን አስፈቅዶ ይክፈት። ሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሚስትየዋን ይጠይቅ፤ ያን ጊዜ መናገር ትፈልጋለች፣ የሚጠይቃት ሁሉ ግን ሄዷል። በዐርባው ወይም በሙት ዓመቱ ሰው ቁጭ ብሎ በልቶ ጠጥቶ ሲጨርስ ይነበብ። ዕድሩ ጸሐፊና መዝገብ አለውና አንድ ቅጂ እዚያ ይቀመጥ። ዕድር ማን ከቀብር እንደቀረ በስም መዝግቦ ቅጣት የሚይዝ ተቋም ነው፤ የተቀበረው ማን እንደነበረ መመዝገብ አያቅተውም።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ሰውዬው በሕይወት ሳለ መጠየቅ ነው። አባትህ ወይም አያትህ ካሉ፣ «ታሪክዎን ይንገሩኝ» አትበላቸው፤ እንዲህ ከተባሉ የሚነግሩህ ያንኑ የቅጥር ዓመት ነው። መጀመሪያ አዲስ አበባ የገቡ ዕለት ማን ቤት አደሩ? የመጀመሪያው ደመወዝ ስንት ነበር፣ ምን ተገዛበት? ለማን ለማን ዋስ ፈርመዋል? ማን ካደዎት? በሰባቱ ልጆች ቁጥር ውስጥ የተደበቀው ልጅ ምን ይወድ ነበር? ከሚመጣው በዓል በፊት ሂድና ጠይቃቸው፣ ድምፃቸውንም ቅዳ።